የበጋ ጎረቤቶቻችን፦ ስታርሊንጎችና ሌሎች የደጃፍ እንስሳት

(በጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ለሕዝብ የቀረበ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



 የዛሬው ገለጻዬ በበጋ ወራት በቤታችን ዙሪያ ስለሚኖሩ ወፎችና ሌሎች እንስሳት፣ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ ስታርሊንግ ስለሚባሉት ወፎች ነው። ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ የቃል ጉዳይ ላቃና።

ልጆች ሳለን «ዊንተር» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል «ክረምት» ብለን ተምረናል። ስለዚህ አውሮፓውያን ስለ ክረምት ወፎች የጻፉትን ስናነብ ሐምሌና ነሐሴ፣ ጭቃና ጉም በዐይነ ሕሊናችን ይመጣሉ። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በሀገራችን አቈጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ሲሆን፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ነው። የአውሮፓው ዊንተር አብዛኛው ክፍል የሚውለው በዚህ በእኛ በጋ ውስጥ ነው። የመከራውም ዐይነት ይለያል። በሰሜኑ ምድር ወፍን የሚያስጨንቃት የቀኑ ማጠርና የመሬቱ በበረዶ መሸፈን ነው። እኛ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ወደ ሰሜን ርቀን ስለምንኖር በረጅሙና በአጭሩ ቀናችን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የእኛን ወፍ የሚያስጨንቃት ድርቀት ነው። ሌሊት ውርጭ ሣሩን ያቃጥለዋል፤ ቀን ፀሐይ ምንጩን ታሳንሰዋለች፤ ትሉና ነፍሳቱ ይመነምናሉ። ያን ጊዜ ለብዙ የደጋ ወፎች የሚቀረው የዛፍና የቁጥቋጦ ፍሬ ነው። የዛሬው ነገሬ ሁሉ የሚዞረው በዚህች አንድ ነጥብ ላይ ነው።

በበጋ ወፍን በትክክል እንዳናይ የሚከለክለን ሌላም ነገር አለ፤ እርሱም «የመስቀል ወፍ» የምንለው ነው። አንድ ዘመድ በዓመት አንዴ ብቅ ብሎ ሲሰወርብን «የመስቀል ወፍ ሆንህ» እንለዋለን። አባባሉ ያማረ ነው፤ የወፏን ታሪክ ግን ያዛባል። በዝናቡ ማብቂያ በየሜዳውና በየእርሻው ዳር ቢጫና ቀይ ከጥቁር ጋር ለብሰው የምናያቸው፣ አንዳንዶቹም ረጅም ጭራ የሚጎትቱ ትንንሽ ወፎች፣ በመራቢያ ወቅታቸው ያጌጡ ወንዶች ናቸው። ወቅቱ ሲያልፍ ያን ላባ አራግፈው እንደ ሴቶቹ ቡናማና ዝንጉርጉር ይሆናሉ። ብዙዎቹ ሩቅ አልሄዱም። የሠርግ ልብሳቸውን አውልቀው ከድንቢጥ ጋር በአውድማው ላይ እህል ይለቅማሉ፤ እኛም በአጠገባቸው እያለፍን «ጠፉ» እንላለን።

አሁን ወደ ስታርሊንጎቹ ልለፍ። በዓለም ዙሪያ ከመቶ በላይ ዝርያ ያለው ሰፊ ቤተሰብ ነው። ወደ ስምጥ ሸለቆ ወርዳችሁ በዝዋይ ወይም በላንጋኖ ዳር ምሳ የበላችሁ ሁሉ አንዱን ዐይነት ታውቁታላችሁ፤ ጀርባው ሰማያዊና አረንጓዴ ሆኖ የሚያብለጨልጭ፣ ሆዱ ብርቱካንማ፣ ከጠረጴዛው ሥር ፍርፋሪ የሚለቅም ደፋር ወፍ ነው። ውበቱ ራሱ ስለሚናገርለት የእኔን ጠበቃነት አይሻም። እኔ ዛሬ የምቆመው ለጥቋቁሮቹ ነው።

በማዕከላዊው ደጋ ሦስት የቅርብ ዘመዳሞች አሉ። ቀይ ክንፍ ስታርሊንግ፣ ቀጭን ምንቃር ስታርሊንግና ነጭ ምንቃር ስታርሊንግ እንበላቸው። ሦስቱም ተቀምጠው ሲታዩ ጥቁር ናቸው፤ ከሩቅ ያያቸው ሰው ትንሽ ቁራ ይመስሉታል። ሲነሡ ግን በክንፋቸው ላይ የሸክላ ቀለም ያለው መስኮት ወለል ብሎ ይከፈታል። በጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት ሲበሩ ክንፉ ብርሃን የሚያሳልፍ ይመስላል። የሴቶቹ ራስና አንገት ግራጫ ስለ ሆነ ባልና ሚስቱን መለየት አያስቸግርም። ይህን ለይታችሁ አንድ በጋ ከተከታተላችኋቸው ቀይ ክንፎቹ አብዛኛውን ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆነው እንደሚኖሩ፣ በትልቅ መንጋ ውስጥ እንኳ ሁለቱ ጎን ለጎን እንደሚበሩ ታስተውላላችሁ።

ሦስቱም የገደል ወፎች ናቸው። ቀይ ክንፉ ከገደል ወደ ሰው ቤት መሸጋገርን ተምሯል፤ የድንጋይ ግንብ፣ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሥር፣ የፎቅ ቤት ጠርዝ ለእርሱ ሁሉም ገደል ነው። በገጠር ከከብት ጀርባ ላይ ተቀምጦ መዥገር ሲለቅም ይታያል። ቀጭን ምንቃሩ ከሁሉም ይልቅ ውኃ ወዳድ ነው። ከፏፏቴ በስተ ኋላ ባለው እርጥብ ድንጋይ ላይ ጎጆውን ይሠራል፤ ቀንድ አውጣ ይበላል፤ በከፍተኛው ተራራ ላይም ከጅብራ አበባ ዙሪያ አይጠፋም። ነጭ ምንቃሩ ደግሞ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በየትም ሀገር የለም። በሳይንስ ስም የሰየመው እ.ኤ.አ. በ1836 ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል ነው፤ ዋልያንም ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀ እርሱ ነው። ዋልያን ለማየት ሰው ከሩቅ ሀገር ስሜን ድረስ ይጓዛል። ይህን ወፍ ግን ወደ ደብረ ሊባኖስ ወይም ወደ ላሊበላ የሄደ ምእመን ሁሉ በራሱ ላይ ሲበር ሳያየው አልቀረም፤ «ቁራ ነው» ብሎ ግን ያልፈዋል። እኔም ለብዙ ዘመን እንዲሁ ሳልፍ ነበር።

እነዚህ ወፎች በበጋ ምን ይበላሉ? የጥድ ፍሬ፣ የወይራ ፍሬ፣ ሾላና ዋርካ፣ የየቁጥቋጦው ፍሬ። ጉዳዩ ከውበት አልፎ ቁም ነገር የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። የወይራን ፍሬ የዋጠች ወፍ ለስላሳውን ሥጋ ትፈጭና ጠንካራውን ፍሬ ትተፋዋለች ወይም ከኩስዋ ጋር ትጥለዋለች። የምትጥለውም ብዙውን ጊዜ ከበላችበት ዛፍ ርቃ፣ አርፋ በተቀመጠችበት ቦታ ነው። ስለዚህ ከማረፊያዋ ሥር በየቀኑ ዘር ይዘራል። በትግራይ ከብት እንዳይገባባቸው በተከለሉ ቦታዎች የተደረጉ ጥናቶች የወይራ ችግኝ በባዶው ሜዳ ላይ ሳይሆን ከቁጥቋጦ ሥር በብዛት እንደሚገኝ አሳይተዋል። ቁጥቋጦው ለወፏ ማረፊያ፣ ለችግኙም ጥላ ነው፤ ከፍየልም ይከልለዋል። እኛ «ዱር በዛበት» ብለን የምንመነጥረው ቁጥቋጦ ለካ የደን መደብ ነው።

ይህን ከመጽሐፍ ተምሬ ቢሆን በወደድሁ። የተማርሁት ግን አጥር አስቆርጬ ነው። በሰሜን ሸዋ የእናቴ ግቢ በአያቴ ዘመን የተተከለ ሕያው አጥር ነበረው፤ ቀጋ፣ አጋም፣ አጣጥ፣ በላያቸው ላይ የተጠመጠመ እንዶድ፣ በማእዘኑም አንዲት ያረጀች ወይራ። ከተማ ሠርቶ ያደገ ልጅ ለእናቱ ውለታ መመለስ ይፈልጋል፤ እኔም አጥሩን አስመንጥሬ በብሎኬት አሳጠርሁላት። ወይራይቱም ግንቡን ታጣምማለች ተብላ ተቆረጠች። በተከታዩ ጥር ልጠይቃት ስሄድ እናቴ ግንቡን አመስግና ስታበቃ «ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ ጠፋ» አለችኝ። ነገሩን ያነሣችው እንዲያው በጨዋታ መሐል ነበር። እኔ ግን በማግስቱ ማለዳ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ ከቁራና ከእርግብ በቀር የመጣ አልነበረም።

በአዲስ አበባ ዳርቻም በየዓመቱ የምናየው ይህንኑ ነው። ሕያው አጥር በግንብ ይተካል፤ ግንብ ያልቻለ ደግሞ የፈረንጅ ጥድ ይተክላል። የፈረንጅ ጥድን አልነቅፈውም፤ ቶሎ ያድጋል፣ ተከርክሞ ያምራል። ነገር ግን ፍሬው ደረቅ እንጨት ነው፤ ለስታርሊንግ የሚሆን ሥጋ የለውም። የሀገራችን ጥድ ግን ወፍ የሚበላው ጥቁር ሰማያዊ ለስላሳ ፍሬ ያፈራል። እዚህ ላይ ለመትከል ያሰባችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ጥዳችን ወንዱና ሴቱ አብዛኛውን ጊዜ በየራሱ ዛፍ ነው። አንድ ጥድ ብቻ የተከለ ሰው ወንዱን ተክሎ ከሆነ ዕድሜ ልኩን ፍሬ ሲጠብቅ ይኖራል። ሦስት አራት አድርጋችሁ ትከሉ።

ስለ ባሕር ዛፍ የሚጠይቀኝ እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ፤ በእንጦጦ ጥግ ቆሞ ስለ ወፍ እየተናገሩ ባሕር ዛፍን መዝለል አይቻልም። ባሕር ዛፍ ወደዚህ ከተማ የገባው እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ደኑ በማገዶ ምክንያት ተራቁቶ ስለ ነበር ከተማዪቱን ከመሰደድ ያዳናት እርሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አበባው ማር ስላለው አበባ ቀሳሚ ወፎች ይጎበኙታል። ፍሬው ግን እንደ አቧራ የደቀቀ ደረቅ ዘር ነው፤ ፍሬ በል ወፍ የምታገኝበት ነገር የለም። ስለዚህ ለስታርሊንግ ባሕር ዛፍ ማረፊያ ብቻ ነው። ሆኖም ማረፊያም ዋጋ አለው። ፈይራ ሰንበታና ደመል ተክታይ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ የተከላ ደኖች ባደረጉት ጥናት ከውጭ ሀገር ዛፎች ጥላ ሥር የሀገር በቀል ዛፎች ችግኝ በራሱ ጊዜ እንደሚበቅል አሳይተዋል። ዘሩ ከየት መጣ? ከፊሉ በነፋስ፣ ከፊሉ በአራዊት፣ ከፊሉም ማንም ሳይልካት በምትሠራ ወፍ ሆድ ውስጥ። ይህ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማው አስተዳደር ትብብር የተቋቋመ 705 ሄክታር ማዕከል የሀገር በቀል እጽዋትን ለመመለስ ሲደክም ደመወዝ የማይከፈላቸው ረዳቶች አሉት ማለት ነው። ነገር ግን በአቅራቢያው ፍሬ የሚያፈራ እናት ዛፍ ከሌለ ወፏ የምታመጣው ዘር የለም። ወፏ ከምንም ደን አትፈጥርም።

በሌላው ዓለም ሰው ከስታርሊንግ ጋር ያለው ታሪክ ግራ የሚያጋባ ነው። የአውሮፓው ስታርሊንግ ድምፅ በማስመሰል የታወቀ ነው። ሞዛርት እ.ኤ.አ. በ1784 አንዱን ገዝቶ ሦስት ዓመት ያህል በቤቱ አኖረ፤ ወፉም የአቀናባሪውን የፒያኖ ኮንቼርቶ ዜማ ጥቂት ለውጥ አድርጎ ያዜም ነበር። ሲሞትም ሞዛርት ቀብሮ ግጥም ጻፈለት። በሮም ከተማ በዊንተር ምሽቶች እልፍ አእላፍ ሆነው በሰማይ ላይ እንደ ጢስ ሲጠቀለሉና ሲዘረጉ ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የጣሊያን የፊዚክስ ሊቃውንት ጥናት ይህን ምሥጢር ሲመረምር፣ እያንዳንዱ ወፍ የሚከተለው መንጋውን ሁሉ ሳይሆን ለእርሱ የሚቀርቡትን ስድስት ወይም ሰባት ጎረቤቶች ብቻ እንደ ሆነ ደረሰበት። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1890 ከዚያው ወፍ 60 ያህሉ በኒውዮርክ መናፈሻ ተለቀቁ፤ በተከታዩ ዓመት 40 ያህል ተጨመሩ። ዛሬ በሰሜን አሜሪካ በአሥር ሚሊዮኖች ይቈጠራሉ፤ የገበሬ እህል ይበላሉ፤ የሀገሬውን ወፎችም ከዛፍ ጉድጓድ እያስወጡ በቦታቸው ጎጆ ይሠራሉ። ባሕር ዛፍ ወደ እንጦጦ በወጣበት በዚያው አሥርት ዓመት ገደማ መሆኑ ያስገርመኛል። የእኛ ስታርሊንጎች ግን እንግዶች አይደሉም፤ የተቀመጡበትን ገደል ሳይለቁ የኖሩ ናቸው።

እውነተኞቹን እንግዶችም ሳላነሣ አላልፍም። ከመስቀል ሰሞን ጀምሮ እስከ ፋሲካ ድረስ ከአውሮፓና ከእስያ የመጡ ወፎች በግቢያችን ይውላሉ። በከብቶች እግር መካከል እየሮጠች ጭራዋን ሽቅብ ቁልቁል የምታወዛውዘው ሆደ ቢጫ ወፍ ከእነርሱ አንዷ ናት። ወንዱ ጥቁር፣ ሴቷ ቡናማ ቆብ የደፉት፣ በጥድና በቀጋ ውስጥ ተደብቀው ፍሬ የሚለቅሙት ግራጫ ወፎችም እንዲሁ። በድንጋይ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ሲነሣ የጭራው ሥር ነጭ ሆኖ የሚታይ ወፍም አለ፤ ከዚህ ዝርያ አላስካ ውስጥ የተፈለፈሉት እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ድረስ 14,500 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚበሩ በትንሽ መሣሪያ ተለክቷል። ክብደቱ 25 ግራም ያህል ነው፤ ከስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ብዙም አይበልጥም።

ከነዋሪዎቹ መካከል ደግሞ ክንፈ ጥቁሯ አረንጓዴ በቀቀን የጥድ ፍሬ አፍቃሪ ናት፤ እርሷም የኢትዮጵያና የኤርትራ ብቻ ናት። በተከዜ ወንዝ ስም የተሰየመችው አበባ ቀሳሚ በኮርችና በእሬት አበባ ላይ ስትውል ወንዱ በፀሐይ ሐምራዊ ይሆናል። ንጋት ላይ በቤቱ ጣሪያ ላይ እየጮሁ የሚያልፉት ባለ ረጅም ቈልማማ ምንቃር ወፎች ብዙ ሰው ያማርራሉ፤ እኔ ግን ከማንቂያ ደወል እመርጣቸዋለሁ። በምሽትም በጥሞና ለሚጠብቅ ሰው በዚህ ተራራ ላይ የምኒልክ ድኩላ ይወጣል። ወንዱ ጥቁር ለማለት የሚያስደፍር ጠይም ነው፤ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር አይገኝም። ጅቡንና ጃርቱን ለእናንተው ልተው፤ የገጠር ሰው ስለ እነርሱ ከእኔ የተሻለ ያውቃል።

ታዲያ ምን እናድርግ ለሚለኝ ሰው የምመክረው ጥቂት ነው። ውኃ አኑሩ፤ ጥልቀት የሌለው ሳሕን ይሁን፣ በመካከሉ ድንጋይ ይኑርበት፣ በየቀኑም ይለወጥ። ድመት ልትደበቅበት ከምትችልበት ቦታ ራቅ አድርጉት። የደረቀ ቅርንጫፍ ለሰው አደጋ እስካልሆነ ድረስ አትቊረጡት፤ ለወፍ ማረፊያ፣ ለግንደ ቆርቁርም ጓዳ ነው። ግንብ መሥራታችሁ ግድ ከሆነ ሥሩ ላይ ቀጋ ትከሉ። ከዚያም ጠዋት ከአንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ስልካችሁን ቤት አስቀምጣችሁ፣ አንድ ቦታ ተቀመጡ። መንቀሳቀስ የምትፈልጉት እናንተ ናችሁ እንጂ ወፎቹ ራሳቸው ይመጣሉ።

ጥያቄ ከመቀበሌ በፊት የእናቴን ግቢ ልጨርስ። አጥሩ ከተቆረጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከመንገድ ወደ ቤቱ በሚገባው የመብራት ሽቦ ሥር እናቴ አምስት የወይራ ችግኝ አገኘች። ከጎረቤት ወይራ የበሉ ወፎች በሽቦው ላይ እያረፉ የጣሉት ነው፤ ችግኞቹ በሽቦው ልክ ተሰልፈው ነበር። እናቴ ለየብቻቸው እሾህ አጠረችላቸው። ሁለቱን ፍየል በላቸው፤ ሦስቱ አሁን ከወገቤ በላይ ናቸው።

(ከተሳታፊ የቀረበ ጥያቄ፦ «እኔ ሱሉልታ አካባቢ ኮክና ፕሪም አለኝ። እነዚህ ያመሰገኗቸው ወፎች ፍሬዬን ይጨርሱብኛል። ስለዚህ ምን ይላሉ?»)

እውነትዎን ነው፤ ይበላሉ። አይበሉም ብዬ ልሸነግልዎ አልችልም። ዛፍዎ ትንሽ ከሆነ ፍሬው ከመብሰሉ በፊት መረብ ያልብሱት፤ መረቡ ወጠር ያለ ይሁን፣ ከላላ ወፍ ይጠመድበታል። ዛፉ ትልቅ ከሆነ የደረሰውን ቀድመው ከታች ይልቀሙ፤ ከላይ ያለውን ለመድረስ መሰላል ከሚያወጡ ይተዉላቸው። መርዝ ግን በፍጹም አይጠቀሙ፤ እርሱ ኮክ ከሚበላው ወፍ አልፎ አይጥ የሚይዝልዎትን ጉጉትና ጭልፊት ይገድላል። በአጥርዎ ላይ ቀጋና አጋም ቢኖር ከኮኩ የተወሰነውን ያድንልዎታል፤ ሁሉንም ግን አያድንልዎትም።

አሁን ፀሐዩ ሳይበረታ እንውጣ። መነጽር ያላችሁ ላልያዙት አካፍሉ፤ ወደ ጥዶቹ በኩል ቀስ ብለን እንሄዳለን።